መለኪያ የሌለው ካምቢዮ

«ሞተር እየሠራ የዘይት ቡሎን ፍታ የሚል ሰው በዕድሜዬ አልሰማሁም!» አለ መካኒኩ። «አንተም አልሰማህም። ያነበብከው ነው።»

«ወረቀቱ የፋብሪካው ነው እኮ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ፋብሪካው ወረታን ያውቃታል? ክረምቱን ያውቀዋል?»

«ክረምቱን አያውቅም። ካምቢዮውን ግን የሠራው እሱ ነው።»

«ይኸው! ገጣሚ ሲከራከር እንዲህ ነው። ለምን ታዲያ በአንድ ለአምስት አንወያይበትም? አንተ ሰብሳቢ፣ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ።»

ሳቅ አልመጣልኝም። በእጄ የያዝኳቸው ሦስት ገጾች ትናንት ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ቤት ያሳተምኳቸው ናቸው፤ ቀለሙ ስለደከመ ግማሹ ፊደል በግምት የሚነበብ ነው። ከፊታችን ነጯ የቤት መኪና ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ባለቤቷ ሽማግሌ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። የመጨረሻ ልጃቸው፣ ሠላሳውን ያለፈ ጎልማሳ፣ የጋራዡን የቆርቆሮ በር ተደግፎ ስልኩን ያገላብጣል።

«በቃ ተዉት» አለ ልጅየው። «ሰውየው ነገ ጠዋት ከባሕር ዳር መጥቶ ይጭናታል። ፈትቶ ዕቃዋን ሊሸጥ ነው የሚወስዳት፤ ብትሄድ ባትሄድ ግድ የለውም። ቃል ሰጥቼዋለሁ።»

«እኔ አልሰጠሁም» አሉ አባቱ።

እኚህ ሰው ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ከሱቁ በፊት ግን የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ከመተማ እስከ ወልድያ የማያውቁት ጠመዝማዛ የለም ይባላል። መካኒኩም በወጣትነቱ የእሳቸው ረዳት ነበር። ግራ እግራቸው መደንዘዝ ሲጀምር ፍሪሲዮን መርገጥ አቃታቸውና መሪ ለቀቁ። ከዚያ ወዲያ ልጃቸው እየነዳ፣ እሳቸው አጠገቡ እየተቀመጡ ዓመታት አለፉ። ተቀምጠው ሳለ ቀኝ እግራቸው ፍሬን ሲፈልግ፣ ባዶ ወለል ሲረግጥ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ፍሪሲዮን የሌላት፣ ማርሿን ራሷ የምትለዋውጥ መኪና እንዳለች ሰሙ። ልጆቻቸውን ለምነው፣ ተቆጥተው፣ አኩርፈው ከአዲስ አበባ አስመጧት። ከተማው «የሴት መኪና» እያለ ቀለደ። እሳቸው በሁለተኛው ቀን ጨርቅ ጭነው ብቻቸውን አንበሳሜ ገበያ ሄደው ተመለሱ። የዚያን ቀን ከመኪናዋ ሲወርዱ ከዘራቸውን ውስጥ ረስተው እስከ ሱቃቸው ደጃፍ ተራምደዋል።

እንግዲህ ካምቢዮዋ ሞቷል ከተባለ ሌላ እንዲህ ያለች መኪና ፈልጎ የሚያመጣላቸው ልጅ የለም። እሳቸው ከእንግዲህ መሪ አይጨብጡም ማለት ነው። ጋራዡ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ይህን እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን አልነበረም።

እኔ ጎረቤት ነኝ። ከጋራዡ ጋር አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ በምትጋራ ኪዮስክ ውስጥ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ለመሬት፣ ለዝውውር፣ ለመብራት ቆጣሪ። በተበላሹት ወረቀቶች ጀርባ ደግሞ ግጥም። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ቤት መምታት የተማርኩት በጣቴ እየቆጠርኩ ነው። ቆርቆሮው ሚስማር የወለቀባቸው ቀዳዳዎች ስላሉት ባለጉዳይ ሲጠፋ ዓይኔ ጋራዡ ውስጥ ነው የሚውለው።

ነገሩ የጀመረው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ሩዙ፣ መንገዱና ቦዩ አንድ ይሆናሉ፤ መንገዱ የት እንደሆነ የሚታወቀው ውሃው ውስጥ በተሰለፉት ባሕር ዛፎች ነው። ሽማግሌው ቁሐር ሚካኤል ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ውሃው የመኪናዋን ጎማ ከግማሽ በላይ ዋጠው። ሳያቆሙ፣ ቀስ ብለው አለፉ። ከተማ ሲገቡ መኪናዋ ምንም አልሆነችም ነበር።

በእኛ አገር ግን ከጎርፍ የወጣ መኪና ሳይፈተሽ አያድርም። የጭነት መኪና ይሁን ትራክተር ጋራዥ ገብቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ የካምቢዮው ቡሎን ይፈታል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። ንጹሕ ሆኖ ቀዳዳው አፍ ላይ ከቆመ ደህና ነው። ከፈሰሰ በዝቷል፤ እስኪያቆም ይጠበቅና ይዘጋል። ይህን ሕግ ወረታ ውስጥ የሚጠራጠር መካኒክ የለም።

መካኒኩ ይህንኑ አደረገ። መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ ፈለገ፤ አጣው። «መለኪያ የሌለው ካምቢዮ!» ብሎ ተገረመና ከሥር ያገኘውን ቡሎን ፈታ። ዘይቱ ወረደ፤ ቀይ፣ ጥርት ያለ፣ በብርጭቆ የተቀዳ ከርከዴ የመሰለ። ውሃ የለበትም። ግን ብዙ ፈሰሰ። «ምን ሆነው ነው እንዲህ የሞሉት!» አለ። እስኪያቆም ጠብቆ ዘጋው። መልኩ ስላሳሳው ዘይቱን አልደፋውም፤ የምግብ ዘይት የነበረበት ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ገልብጦ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

በማግስቱ ሽማግሌው ወደ ደብረ ታቦር ሲነሡ ከተማውን እንኳ ሳይጨርሱ መኪናዋ ጮኸች እንጂ አልሄደችም። መንገድ ላይ የነበሩ ወጣቶች ገፍተው መለሷት። እሳቸው መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ በገዛ ሱቃቸው ፊት ለፊት እየተገፉ ሲያልፉ አየሁ። አንዱ ሻይ ቤት በር ላይ የነበረ «ሐጂ፣ ረዳት በዛልዎት!» ብሎ ጮኸ። ዞር ብለው አላዩትም።

ኪዮስኬ ገብቼ ለመኪናዋ ሙሾ ጻፍኩ። አሥራ ስድስት መስመር። እስከዚያ ቀን ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለ መሰለኝ። መልሼ ሳነበው ግን አንድ ስንኝ አልዋጥ አለኝ፤ ጎርፉ ሆዷ ገብቶ ገደላት ይላል። ውሸት ነው። ዘይቱን በቆርቆሮው ቀዳዳ አይቼዋለሁ፤ ጠብታ ውሃ አልነበረበትም። ታዲያ ምን ገደላት? ጎርፉን አቋርጣ በደህና ገብታለች። መሄድ ያቆመችው ከተፈተሸች በኋላ ነው። ስንኙን ላስተካክል ስል ሙሾው በሙሉ ፈረሰብኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ፤ መስመሩ እየተቆራረጠ ከሰዓቱን ሁሉ ወሰደብኝ።

ያን ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ቆሜ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነበር።

«እስኪ አንብብልኝ» አሉ ሽማግሌው። «ቀስ ብለህ። ለቀበሌ እንደምታነበው አታድርገው።»

ያልገባኝን ቃል ከሥዕሉ እያሟላሁ አነበብኩላቸው። መኪናዋ ፍጹም ሜዳ በሆነ ቦታ ትቁም። ሞተሩ ይነሣ፤ ፍሬን ተረግጦ ማርሹ በየቦታው ትንሽ ትንሽ እያረፈ ይመላለስ። ዘይቱ ይሙቅ፤ ግን ከሰው ገላ እምብዛም አይብለጥ። ያኔ ሞተሩ እየሠራ የታችኛው ቡሎን ይፈታ። ከቀዳዳው በላይ፣ ከውስጥ፣ አጭር ቱቦ ቆማለች። ዘይቱ ከቱቦዋ አናት ካለፈ በሷ በኩል ይፈሳል፤ ልክ ሲሆን ጠብ ጠብ ይላል፤ ካነሰ ምንም አይወጣም።

«ሞተሩ ሲጠፋስ?» አሉ።

«ሞተሩ ሲጠፋ ላይ ሲዞር የነበረው ዘይት ወደ ታች ይወርዳል። ልኩን የያዘውም ቢሆን ይፈሳል።»

«ድገምልኝ።»

ደገምኩላቸው። መካኒኩ የጨበጠውን ቁልፍ አገላብጦ አየው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጀሪካን አየ። እኛም አየነው። ከግማሹ በላይ ቀይ ነበር።

«ታዲያ አልበዛም ነበር?» አለ፤ ማንንም አልጠየቀም።

«ባይበዛስ?» አለ ልጅየው። ድምፁ ከፍ አለ። «ዛሬ ሄደች እንበል። ነገ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ፣ በዚያ እግርዎ፣ በርብ ሙላት መሐል! ያን ቀን ስልክዎ ሲዘጋብኝ ምን ሆኜ እንደዋልኩ ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አሉ ሽማግሌው። «አልነገርከኝማ።»

ልጅየው ስልኩን ኪሱ ከተተ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መኪናዋ እንድትሸጥ የሚጣደፈው ሱቁን ጠቅልሎ ሊይዝ ነው ብዬ አስብ ነበር። የሰው ፊት ማንበብ እችላለሁ እያልኩ የምመጻደቅ ሰው ፍርሃትን ስግብግብነት ብዬ አንብቤው ኖሯል።

«ተነሡ» አለ መካኒኩ በድንገት። «ወረቀቱ ውሸታም ከሆነ ዛሬውኑ እንየው።»

ፎገራን ሜዳ የሚለው ከሩቅ የሚያየው ሰው ነው። ሩዝ የዘራ ያውቃል፤ ማሳው ውሃ ሲገባበት አንደኛው ጥግ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ሌላው ጥግ ደረቅ ይቀራል። የጋራዡ ወለል ደግሞ የዝናቡ ውሃ ወደ ቦዩ እንዲወርድ ተዳፋት ተደርጎ የተሠራ ነው። መኪናዋን ጎረቤት ያለው የሩዝ መፈልፈያ ግቢ፣ ሩዝ የሚሰጣበት ሲሚንቶ ላይ ገፋናት።

«ይኸው ሜዳ» አልኩ።

«ለግጥም ይበቃል» አለ መካኒኩ። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ አንዱን ጫፍ ለእኔ ከፊት ጎማው አጠገብ፣ ሌላውን ለልጅየው ከኋላ ጎማው አጠገብ አስያዘን። ውሃው በሁለታችን እጅ እየተወዛወዘ ቆየና ቆመ። ሦስት ጣት ያህል ልዩነት ነበረው። መካኒኩ ቅንድቡን አነሣ። በክሪክ እያነሣ ከአራቱም ጎማ ሥር ጣውላ ደራረበ፤ በኋላ በኩል አንድ ጨመረ፤ ቱቦውን እንደገና አስያዘን፤ ደግሞ ከአንዱ ጎን ቀጭን ሳንቃ አወጣ። ውሃው በአራቱም ማዕዘን እኩል እስኪቆም ድረስ አልተወንም። ሲጨርስ መኪናዋ ከመሬት ከፍ ብላ፣ ጎማዎቿ በድንጋይ ታግደው፣ ሊመርቋት ያቀረቧት ሙሽራ መስላ ቆመች።

ቀጥሎ የዘይቱ ሙቀት ነበር። መካኒኩ በእጄ እለካዋለሁ አለ። እኔ ወደ ፋርማሲ ሮጥኩ። ፋርማሲስቷ የብብት ሙቀት መለኪያ ስታወጣልኝ «ማንን አተኮሰው?» አለችኝ።

«መኪና።»

እየቀለድኩ መስሏት ፊቷን አጨለመች። የማን መኪና እንደሆነች ስነግራት ግን ሳቀች። «የሐጂ ናት? በሉ እግዜር ይማራት» ብላ ሰጠችኝ።

ስመለስ ልጅየው ከሱቃቸው አዲስ አቡጀዴ ቀድዶ አምጥቷል። ማንም አላዘዘውም። የጀሪካኑን ዘይት በአቡጀዴው አጠለልነው፤ ጨርቁ ቀላ እንጂ ቆሻሻ አልያዘም። ሞተሩ ሳይነሣ ከላይ ባለው መሙያ ቀዳዳ በኩል በቱቦና በማንቆርቆሪያ ግማሹን መለስንበት።

«አንተ ግባና ፍሬኑን ያዝ» አሉ ሽማግሌው ልጃቸውን። «እኔ ዘይቱን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

ልጅየው ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። ማርሹን ወደ ኋላ፣ ወደ መሐል፣ ወደ ፊት እያሳረፈ መለሰው። መካኒኩ በጀርባው ተንፏቆ ከሥር ገባ፤ የሙቀት መለኪያውን ጫፍ የካምቢዮው ሆድ ላይ በፕላስተር ለጠፈው። እኔ ሲሚንቶው ላይ በደረቴ ተኝቼ ቁጥሩን አነባለሁ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጥለው፣ አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው፣ እንደምንም በቀኝ ጉልበታቸው ተንበረከኩ።

መጀመሪያ ቁጥር አልነበረም። አጥፍቼ አበራሁት፤ ሠላሳ ሦስት። ጠበቅን። ሠላሳ ስድስት። የመፈልፈያው ሠራተኞች ሥራ ትተው ከበቡን፤ ለመኪና ትኩሳት ሲለካ ገና ማየታቸው ነው። ሠላሳ ስምንት ላይ ሲደርስ «አሁን» አልኩ።

መካኒኩ ቁልፉን ቡሎኑ ላይ ካደረገ በኋላ ወደ ሽማግሌው አየ። «ልፍታ?»

«ፍታ።»

ሞተሩ እየሠራ ፈታው። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ነበር፤ ትኩስ ዘይት እላዩ ላይ የሚወርድ መስሎት። ምንም አልወረደም። ጣቱን ወደ ቀዳዳው ላከ፤ ጣቱ እርጥበት ብቻ ይዞ ተመለሰ።

«ደርቃለች» አለ። «ወላዲቷን! ደርቃ ነው የምትጮኸው!»

ተነሥቼ ከላይ ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። ጀሪካኑ እየቀለለ መጣ። ከሥር ድምፅ የለም። ባይበቃስ? እንዲህ ያለ ዘይት ወረታ ውስጥ አይሸጥም፤ የባሕር ዳሩ ሰውዬ ደግሞ ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው። ደርቃ በሄደችባት በዚያች አጭር መንገድ ውስጧ ተቃጥሎ ቢሆንስ? ወረቀቱ ስለዚህ ምንም አይልም።

«ቁም!» አሉ ሽማግሌው።

አቆምኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከቀዳዳው የክር ያህል የቀጠነ ቀይ ፈሳሽ ይወርዳል። ክሩ ሳሳ፤ ተቆረጠ፤ ጠብታ ሆነ። አንድ። ሌላ አንድ። በሁለቱ መሐል እስትንፋስ ያህል ጊዜ ነበረ።

«አሁን ዝጋው» አሉት። ዘጋው።

መካኒኩ ከሥር ከወጣ በኋላ ልጅየው ማርሹን ወደ ፊት ሲያደርገው መኪናዋ ጣውላው ላይ ሆና ወዲያው፣ ሳትጮህ፣ ሳትዘገይ፣ ወደ ፊት ወገቧን ሰበቀች። የመፈልፈያው ሰዎች አጨበጨቡ። እኔ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳቅ ነው ልቅሶ ያልለየሁት ነገር ከደረቴ ወጣ። ሙሾዬ ከንቱ ሆኖ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከጣውላው ካወረድናት በኋላ ልጅየው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረባት። ማርሿን ስትለውጥ እንኳ አይሰማም። መካኒኩ እጁን በአቡጀዴው እየጠረገ ወደ ሽማግሌው ቀረበ። መሬት መሬት ያያል።

«እኔ ነኝ ያደረቅኋት፣ ሐጂ» አለ። «ደህናዋን መኪና እኔ ነኝ ያስገፋኋት።»

«ከጎርፍ የወጣ መኪና ሳይፈተሽ አይደር ብሎ ማን ነው ያስተማረህ?»

«እርስዎ።»

«ሞተሩ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ ያለህስ?»

«እርስዎ ነዎት። አላጠፋህም ብለው መተማ መንገድ ላይ በጥፊ መትተውኛል።»

«ወላሂ?» አሉ ሽማግሌው። «ጥፊውን እንኳ ረስቼዋለሁ።» ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ትከሻቸውን እስኪያናውጥ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እስኪጠርጉ ድረስ። መካኒኩም ቀና አለ። «ወረቀቱን ስጠኝ» አለኝና ሦስቱን ገጾች ከእጄ ወስዶ በደረት ኪሱ ከተታቸው።

ልጅየው መኪናዋን እግራችን ሥር አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። ሽማግሌው ሄደው የሾፌሩን በር ከፈቱ።

«ውረድ» አሉት።

«እኔ ላድርስዎ፣ አባባ። ደክሞዎታል።»

«ውረድ ልጄ። ለሰውየው ደውልና አትምጣ በለው።»

ልጅየው መሪውን አልለቀቀም። «ክረምቱ እስኪወጣ ቁሐር አይሂዱ» አለ። «ከሄዱም ይንገሩኝ።»

«እነግርሃለሁ» አሉ። «አልሃምዱሊላህ፣ ይህማ ምን ችግር አለው። እነግርሃለሁ።»

ወረደ። መቀመጫውን ለአባቱ ወደ ኋላ ገፋ አደረገላቸው፤ ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ወደ ኋላ ሳያይ፣ በግቢው በር ወጥቶ ሄደ። ሽማግሌው ተቀመጡ። ግራ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው አስገቡና በሩን ዘጉት።